ሦስት ቋጠሮ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለእሜቴ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ሕፃኗስ እንዴት ናት? የታችኛው ጥርሷ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል አለኝ ባልሽ። እንዳትቆጪው አደራ። ለምኜ ለምኜ ያስወራሁት እኔ ነኝ፤ እሱማ «ቆይ፣ እሷ ራሷ ትንገርህ» እያለ ሲሸሸኝ ነው የከረመው።

ደብዳቤ መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ መሪ ሲያዞር የኖረ እጅ እስክሪብቶ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ግን ምን ላድርግ፣ ስልኬን ማንሳት ካቆምሽ ሃያ ሁለት ወር ሆነ። ስልክ ይዘጋል፣ ወረቀት አይዘጋም። ቀድጄ እጥለዋለሁ ብትዪ እንኳ መጀመሪያ ሁለት መስመር ማንበብሽ አይቀርም፤ እናትሽም እንደዚያ ነበረች። ስለዚህ ዋናውን ነገር ከላይ ላስቀምጠው። ባልሽ «ና፣ የልጅ ልጅህን እይ» ብሎኛል። እኔ ግን አንቺ ሳትወጂ ደጅሽን አልረግጥም። እስከ መጨረሻው አንብቢውና፣ ልጠጋ ወይስ ልራቅ፣ አንቺው ፍረጂ።

ምን እንዳስቀየመሽ አልጠፋኝም። አንቺም እዚያው ነበርሽ፤ ግን እኔ በቆምኩበት በኩል ምን ይመስል እንደነበር ልንገርሽ።

እናትሽ ምላሷ ከተያዘ ሦስተኛ ቀኗ ነበር። እኔ በራስጌዋ፣ አንቺ በግርጌዋ ተቀምጠናል። እንደምንም ብላ እጄን ያዘችና «ቋጠሮ» አለች። «ምን አልሽ?» ስላት «ሦስት... ቋጠሮ... አትርሳ» አለች። ደጋገመችው። ሦስት ጣቷን ሁሉ አወጣች። አንቺም ሰምተሻል፣ አይተሻል። ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ቋጠሮ ሲል ምን ይባላል? ቂም ነው እንጂ! ሦስት ነገር ቋጥራብኝ ኖራለች፣ ይዛው መሄድ ስላልፈለገች ፍታልኝ እያለችኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ቁጭ ብዬ በደሌን መቁጠር ጀመርኩ።

አንደኛውን ወዲያው አገኘሁት። ስልክ ቤት ስትሠራ «ሚስቴ የሰው መስመር ስታገናኝ አትውልም» ብዬ ያስተውኳት። ያንን ሥራዋን ምን ያህል ትወደው እንደነበር አውቃለሁ። ይቅር በይኝ አልኳት። አሁንም ሦስት ጣቷን ዘረጋች። ሁለተኛው፣ ካንቺ በፊት የነበረው ልጃችን ሞቶ የተወለደ ዕለት ነው። አለቃዬን ፈቃድ መጠየቅ ፈርቼ እስከ ማታ መስመር ላይ ስዞር ዋልኩ፤ እሷ ብቻዋን ነበረች። ይህንንም አነሳሁና ይቅርታ ጠየቅኋት። «ሦስት» አለች። ሦስተኛው ጠፋኝ። ጠፋኝ ስልሽ ውሸቴን ነው፣ አልጠፋኝም፤ ከአፌ እንዳይወጣ ነበር ስታገል የነበረው።

ተናገርኩት። አንቺ ባለሽበት። አንቺ ስድስት ዓመትሽ ሳለ በሩቁ መስመር ተመድቤ ከርሜ፣ በዚያኛው ጫፍ ከነበረችው ቲኬት ቆራጭ ጋር የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩት። እናትሽ ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ግን ከእጄ አላወጣችም። ወይም ለማውጣት አቅም አልነበራትም፤ ይህንን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰችም፤ በማግሥቱም አረፈች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ራሴስ ተመልጦ ካለቀ ቆይቷል፤ አፌ ያመለጠው ያኔ ነው።

የቀብሯ ለት ጠዋት፣ አንቺ የላክሽልኝን ሹራብ ለበስኩ። ብዙም አድርጌው አላውቅም ነበር፤ እንዳያልቅብኝ እሳሳለት ነበር። በዚያ ቀን ያንቺ የሆነ ነገር ገላዬ ላይ ይኑር ብዬ ነው። ደግሞም ጥቁር ነው ብዬ ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በር ላይ አገኘችኝና በቀስታ «ጋሽ ሾፌር፣ ይሄ እኮ ቀይ ነው፤ ና ልቀይርልህ» አለችኝ። እኔስ ምን አልኳት? «ቀይ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! በሚስቴ ሬሳ ላይ ታሾፊያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ደንግጣ መንገድ ለቀቀችልኝ። መንገዱን ሙሉ ሰው ሁሉ ሲያየኝ፣ ሐዘኔ ገብቷቸው ነው እያልኩ አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። አንቺ መቃብሩ አጠገብ ከላይ እስከ ታች አየሽኝ። «እናቴ ሦስት ቋጠሮ ይዛብህ ሞተች፤ አንተ ደግሞ ቀይ ለብሰህ ሸኘሃት» አልሽኝ። «ጥቁር ነው የለበስኩት» ስልሽ የባሰ ነደደሽ። የቀለድኩብሽ መሰለሽ። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም።

እንግዲህ ያለፈው ሳምንት ነው። ባልሽ ከደወለልኝ በኋላ ምን ለብሼ ልሂድ ብዬ ቁም ሳጥኔን ከፈትኩ። ለካ በዚህ ዕድሜዬ አንድም ቀን ልብስ መርጬ አላውቅም! ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የድርጅቱ ካኪ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ እናትሽ አልጋው ላይ የዘረጋችልኝ። እሷ ካረፈች ወዲህ ያንኑ የድሮ ካኪ ነው የምለብሰው፤ የሱሪው መቀመጫ ሳስቶ ሳስቶ ፀሐይ ያሳልፋል። በዚህ ዓይነት የልጅ ልጅ አይታቀፍም። ካሉኝ ሸሚዞች አንዱን ደረብኩና ሰዎች «ዘናጩ» ወደሚሉት ነጋዴ ሄድኩ። በኔ ዕድሜ ያለ፣ ቀጭን፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ የሚውል ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ለምን ዓይነት ቦታ ነው?» አለኝ።

«ለልጄ ቤት።»

«ሰርግ አላት?»

«የለም፣ ዝም ብሎ ለመቀመጥ። ሕፃን ለመያዝ።»

«እንግዲያ ሱፉን እንተወው። ቀለል ያለ ነው የሚያስፈልግህ። ግን አትናቀው፤ ሱፍ ከላይ እስከ ታች ተስማምቶ ተሰፍቶ ይመጣል፣ ቀለል ያለውን ግን የምታስማማው አንተ ነህ።» ከዚያ እንደ መምህር ያስተምረኝ ጀመር። ልብስ በብዛት አይደለም አለኝ፤ ከሱሪ ጀምር፣ ሁለት ሱሪ ይበቃሃል፣ ሸሚዙ ሁሉ ከሁለቱም ጋር ይሂድ። የትከሻው ስፌት አጥንትህ ላይ ይረፍ፣ ወደ ክንድህ አይንሸራተት። የሱሪው ጫፍ ጫማህን ይንካ እንጂ አይከመርበት። አንዱን ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ይሄ ዝቅ ብሏል፤ ሾፌር ነበርክ አይደል?» አለኝ። በመስኮት በኩል ያለው ነው፤ ክንዴን አስደግፌ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቼበታለሁ። ካኪ ሱሪ ሲያወጣ ብቻ «እሱን አጥፋልኝ!» አልኩት፤ ሳቅን።

ከዚያ «በል እስቲ አሁን አንተ አጋባቸው» ብሎ ሱሪዎችና ሹራቦች ፊቴ ደረደረ። አጋባሁ። መጀመሪያ ሳቀ። ሁለተኛውን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ሁለት ሹራብ አነሳና «ይሄ ምን ቀለም ነው?» አለኝ።

«ጥቁር።»

«ይሄስ?»

«ጥቁር ነዋ! ዕውር አደረግኸኝ እንዴ?»

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ቀይ ነው። ጥልቅ ያለ ቀይ።»

አላመንኩትም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነኝ መቼስ። በደጁ የሚያልፉ ሁለት ሰዎች አስቁሜ ጠየቅኩ፤ ሁለቱም ቀይ አሉኝ። አንደኛዋማ ሴት የማሾፍባት መስሏት ገላምጣኝ ሄደች። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ያንቺ ሹራብ ነው ትዝ ያለኝ። መቃብሩ አጠገብ የቆምሽው፣ የተናገርሽኝ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። እዚያው ሰው ሱቅ ውስጥ አለቀስኩ፣ ልጄ። ዘናጩ ውሃ ቀዳልኝ።

ስንቱ ነገር ገባኝ መሰለሽ! ቲማቲም ግዛ ስባል ጥሬውን እየለቀምኩ ስመጣ፣ አንቺና እናትሽ «ገልቱ!» እያላችሁ የምትስቁብኝ። የትራፊክ መብራቱንም ለካ በቀለሙ ሳይሆን በቦታው ነው የማውቀው፤ የላይኛው ቁም፣ የታችኛው ሂድ። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ፊደል አስነበቡኝ እንጂ ቀለም የጠየቀኝ አልነበረም። ሰው ሁሉ እንደኔ የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

ልሄድ ስነሳ ዘናጩ የሸሚዜን ቁጥር ሊያይ ኮሌታዬን ገልበጥ አደረገ። «ይሄ ምንድን ነው? የልብስ አጣቢ ምልክት ነው?» አለኝ። ከቁጥሩ አጠገብ፣ ከውስጥ በኩል፣ በክር የተቋጠሩ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች አሉ። በጣቴ ዳሰስኳቸው። እናትሽ ናት፤ ክሩን ስትቋጥር የምትጠመዝዘው አጠማዘዝ ይለያል።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ቁም ሳጥኑን በሙሉ አልጋው ላይ ገለበጥኩ። አንዱ ሸሚዝ አንድ ቋጠሮ፣ አንዱ ሱሪ አንድ። ሌላው ሁለት፣ የሚሄድበትም ሱሪ ሁለት። ከሥር፣ ተጣጥፎ፣ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ አንድ ሹራብ አገኘሁ፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ቋጠሮ። የእግር ሹራቡ አፍ ላይ እንኳ ሦስት ነበረ።

ልብሶቹን ክንዴ ላይ አድርጌ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሮጥኩ። ማሽኗ ላይ ነበረች። ስታየኝ እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

«አገኘኸው?» አለችኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቁጭ በል ጋሽ ሾፌር።» ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። «ከተጋባችሁ በሁለተኛው ዓመት ነው ያወቀችው። ቀይና ጥቁር፣ አረንጓዴና ቡናማ አይለይም አለችኝ። ‹ብነግረው በማግሥቱ መንጃ ፈቃዱን ለአለቆቹ አስረክቦ የሚመጣ ሰው ነው፤ ሌላ ሥራ ደግሞ አይወድም፤ ሆድ ይፍጀው› አለች። እያወጣች ስታለብስህ ኖረች። ስትታመም ጊዜ ግን ልብስህን በየተራ እያመጣች እዚህ ቁጭ ብላ ትቋጥር ጀመር። አንዱ ከአንዱ፣ ሁለቱ ከሁለቱ ጋር ይለበሳል። ሦስቱ ጥቁሮቹ ናቸው። ‹ቀብሬ ላይ ሰው እንዳይስቅበት› አለችኝ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ምላሷ ተያዘ።»

«አንቺስ? አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በር ላይ ነግሬህ ምን አልከኝ?»

እናትሽ ጥቁሩን ልበስ ነው ያለችኝ፣ ልጄ። ይኸው ነው። እሷን ስቀብር ስለምለብሰው ልብስ ነበር የተጨነቀችው። እሷ ልብስ ስታስተምረኝ እኔ ኃጢአቴን አራገፍኩባት። ሦስት ጣቷን ባወጣች ቁጥር አንድ አንድ ድንጋይ ጫንኩባት። ያንን የመጨረሻዋን ሰዓት እንደገና ስጡኝ ብል የሚሰጠኝ የለም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ልብስ ሰፊዋን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ። «የሩቁን መስመር ነገር... ታውቅ ነበር?» አልኳት። መርፌዋ ውስጥ ክር ስታስገባ ብዙ ቆየች። «ሴት የማታውቀው ነገር አለ ብለህ ነው?» አለችኝ። ዓይኗን ግን ከመርፌው አላነሳችም። እውነቷን ይሁን ልታጽናናኝ፣ ለማወቅ አልቻልኩም። ደግሜ ለመጠየቅም ወኔ አጣሁ።

ስለ መንጃ ፈቃዱ አንዳንዴ እናትሽን ልቆጣት ይቃጣኛል። የሰው ነፍስ ነበር እኮ የምጭነው! አንድም ቀን ሰው አልነካሁም፣ ተመስገን ነው። ግን ነግራኝ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ነግራኝ ቢሆን ምን እሆን ነበር እላለሁ። መኪና ከመንዳት በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም፤ አንቺን ያሳደግሁሽ በዚያ መሪ ነው። እሷን ለመቆጣት ፊት የለኝም።

በማግሥቱ ዘናጩ ዘንድ ተመለስኩና ታሪኩን ነገርኩት። «ጭንቅላቴ እንዳይዞር አድርገህ አልብሰኝ» አልኩት። አሰበና ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫና ነጭ ብቻ መረጠልኝ። «የትኛውን ከየትኛው ጋር ብታደርገው አይጣሉም፤ ዓይንህን ጨፍነህ ልበስ» አለኝ። እኔስ ዓይኔን ጨፍኜ አይደል የኖርኩት አልኩት። ሁለት ሱሪ ወሰድኩ፣ አንደኛው ጂንስ ነው፤ ሦስት ሸሚዝ፣ ሁለት ቲሸርት፣ አንድ ሹራብ። ቀለሙን ለእሱ ትቼ ልስላሴውን እኔ መረጥኩ፤ እያንዳንዱን ጉንጬ ላይ እያሻሸሁ። ጃኬቱን ዚፕ ያለውን ሲሰጠኝ መለስኩለት፤ ዚፕ የሕፃን ፊት ይቧጭራል። ቁልፍ ያለውን አደረግነው። ጂንስ ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም እናትሽ ብታየኝ «ሰውዬው ሊያገባ ነው!» ብላ ሰፈሩን ታስቅብኝ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። የቀዩን ነገር አላወቅሁም፤ ለእሱ እንኳ ሰው ሲነግረኝ መስማት ነበረብኝ። ሦስተኛው ግን የራሴ ነው። ማንም አልጫነብኝም፣ ዓይኔም አልሳተም። አንቺ ትንሽ ልጅ ሆነሽ «አባዬ መቼ ይመጣል?» እያልሽ በር በሩን ስታዪ እኔ የት እንደነበርኩ አሁን ታውቂያለሽ። በእሱ ብትቀየሚኝ፣ መልስ የለኝም። ይቅር በይኝ እልሻለሁ፤ ይቅር ማለት የማትችዪ ከሆነ ደግሞ አልፈርድብሽም።

ግን አንድ ነገር እመኚኝ፤ ሌላውን ሁሉ ብትጥዪው እንኳ። እናትሽ ቂም ይዛ አልሞተችም። ሃያ ሁለት ወር ሙሉ እናቴ ሆዷ እንደቆሰለ ሄደች እያልሽ ስታለቅሺ እንደነበር ባልሽ ነግሮኛል። እንደዚያ አልሄደችም። በመጨረሻ ትንፋሿ የሰው መሳቂያ እንዳልሆን ነበር የምትለፋው። እኔን ባትታረቂኝ እንኳ ከእሷ ሐዘን ውጪልኝ። ልብስ ሰፊዋ አለች፣ ደውለሽ ጠይቂያት፤ እሷ ስልክ ታነሳለች።

ደጅሽን አልረግጥም ብያለሁ፤ መናኸሪያው ግን የማንም ደጅ አይደለም። ሐሙስ፣ ጥቅምት 28፣ ስድስት ሰዓት ላይ እናንተ ከተማ ከሚገባው አውቶቡስ እወርዳለሁ። የመመለሻው አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። በመካከሉ ያሉትን አራት ሰዓታት አግዳሚው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ አውቶቡስ ሲገባና ሲወጣ ማየት አይሰለቸኝም። ካልመጣሽ ልብሴ ሳይጨማደድ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ በመምጣቴም አልጸጸትም፤ ሕፃኗ ያለችበትን ከተማ አየር ስቤ ተመለስኩ ማለት ነው። ባልሽን እንዳትልኪው። ወይ አንቺ ነይ፣ ወይ ማንም አይምጣ።

አምላክ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ከእናትሽ ትዕግሥቷን ትውረስ፣ ከኔ ግን ጤናዬን ብቻ። ቤታችሁ ሳቅ አይጣ፤ ያኮረፈ ሁሉ አንድ ቀን የሚመለስበት በር አይጥፋበት።

ምን ለብሼ እንደምመጣ ልጽፍልሽ ነበር፣ እንድትለይኝ። ተውኩት። ያን ለት መቃብሩ አጠገብ ልብሴን አየሽ፣ ፊቴን ሳታዪው ሄድሽ። ከስቻለሁ፣ ጢሜም ሸብቷል፤ ቢሆንም ታውቂኛለሽ። ይህን ጊዜ ፊቴን እዪውና፣ ከዚያ በኋላ ፍረጂ።

አባትሽ